የእናቴ ኮት ቁልፎች

ሰዎች ተሰብስበው፣ ተቃቅፈው፣ ስልካቸውን ሲያቀብሉኝና «እስቲ አንዴ አንሺን» ሲሉኝ እጄን ወደ ኋላዬ እደብቃለሁ። «አልችልበትም» እላለሁ። «ጠቅ ማድረግ ነው እኮ!» ይሉኛል። አይ ጠቅ ማድረግ! ከጠቅታው በፊት ምን እንዳለ እነሱ ምን አውቀው። የፎቶ አንሺ ልጅ መሆኔን የሚያውቁት ደግሞ በሳቅ ይሞቱብኛል። ይሙቱ። እኔ በዕድሜዬ ያነሳሁት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ። እሱንም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሽቼ አበላሸሁት።

አባቴን ሰፈርተኛው «ቀጥ በል» ነበር የሚለው። ደንበኛ በርጩማው ላይ በተቀመጠ ቁጥር «ቀጥ በል! ቀጥ በይ እመቤት!» ስለሚል ነው። ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው። መስኮቱ ውስጥ የሙሽሮች ፎቶ፣ ከበሩ አጠገብ በክር የታሰረ ማበጠሪያና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ መብራቶች፣ ከኋላ ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ የሸፈነ ሸራ። ሸራው ላይ ፏፏቴ ተሥሎበታል። ሠዓሊው በሕይወቱ ፏፏቴ አይቶ እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ ውሃው እንደ ተሰጣ አንሶላ ቀጥ ብሎ ይወርድና መሬት ሲደርስ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበበትም።

እናትና አባቴ የተገናኙት እዚያ ሸራ ፊት ነው። እናቴ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች። የመታወቂያ ፎቶ ጀርባው ነጭ መሆን አለበት፤ ይሄን የማያውቅ ፎቶ አንሺ የለም። እሱ ግን ፏፏቴው ፊት አስቀመጣት። ፎቶው ከመሥሪያ ቤት ተመለሰባት። ተናዳ መጣች። ደግሞ አነሳት፤ ደግሞ ፏፏቴ። «ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ነው ተንኮሉ የገባኝ» ትላለች እናቴ። ያን ጊዜ ነጭ ግድግዳ ፊት አስቀምጦ አነሳትና «አንድ ቀን ደግሞ እውነተኛው ፏፏቴ ፊት አቆምሻለሁ» አላት። ይህች ቃል አሥር ዓመት ሙሉ በቤታችን መቀለጃ ሆና ኖረች። እናቴ የታጠቡትን ፎቶዎች ጠርዝ ጠርዛቸውን በመቀስ እየከረከመች «ኧረ ያ ፏፏቴ የት ደረሰ?» ትለዋለች። «እየወረደ ነው» ይላታል።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት አባዬ አዲስ ጨዋታ አመጣልኝ። ስሙ «ንገሪኝ» ነው። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ መንገድ እንሄዳለን።

«ሚጣ፣ ንገሪኝ፤ ፊታችን ምን አለ?»

«ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ወዲያ መሰላል የተሸከመ ሰውዬ አለ።»

«ሰውዬው ወደኛ ነው ወደዚያ?»

«ወደኛ።»

«ጎበዝ! ፎቶ አንሺ ማለት መጀመሪያ የሚያይ ሰው ነው፤ ካሜራው ኋላ ይመጣል።»

ከዚያ ከረሜላ። አንድ ነገር ሳልነግረው ካለፍን ግን ከረሜላ የለም። እኔ ለሙያው የሚያሠለጥነኝ መስሎኝ በደስታ ልፈነዳ ደርሼ ነበር፤ ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ ሁሉ አፌን ሞልቼ አወራሁ።

የአባቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። ግራው ጨርሶ ጠፍቷል፤ በቀኙ ደግሞ ጭጋግ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚያየው። ዛሬ ይሄን በአንድ ትንፋሽ እናገረዋለሁ፤ ያኔ ግን ማንም ምንም አላለኝም።

እንዲያውም ሰምቻለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጨለማ ክፍሉ ውጪ ወለል ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ ከመጋረጃው ሥር ቀይ ብርሃንና ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ ይወጣል። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ» አለ አባዬ። «እስከ ክረምት ነው።»

«ሌላ ሐኪም እንጠይቅ።»

«ሦስተኛው ነው እኮ።»

ውሃ ብቻ ይንጠባጠባል። ኋላ አባዬ «እንግዲህ ፏፏቴውን እንሂድና እንየው። በዓይኔ ሳላይሽማ አይሆንም፤ ቃል አለብኝ» አላት።

እኔ ደግሞ ነገሩን በራሴ መንገድ ፈታሁት። ለአባቴ ቀን የሚቆርጥለት ሰው ሁሉ ደንበኛ ነው። «እስከ ዓርብ»፣ «እስከ ሠርጉ»፣ «እስከ ምዝገባው»። ስለዚህ ሐኪም የሚባል ኃይለኛ ደንበኛ የፏፏቴ ፎቶ አዟል፤ እስከ ክረምት ካልደረሰለት ጉድ ይፈላል። እናቴ በዚያ ሰሞን ዓይኗ ቀልቶ ሳያት እንኳ «ይሄ ሐኪም የሚሉት ሰውዬ አስጨነቃት» ብዬ ጠላሁት።

የሄድነው በሥራ ቀን ነው። በሩ ላይ «መጣሁ» የሚል ካርቶን ተሰቀለ። እናቴ አምስት ትልልቅ ነጭ ቁልፎች ያሉትን ወፍራም ኮቷንና ተረከዙ ረጅም ጫማዋን አደረገች።

«አንቺ ሴት፣ ዳገት ነው እኮ የምንወጣው» አላት አባዬ።

«እኔ ፎቶ ልነሳ ነው የምሄደው። ዳገቱ የራሱ ጉዳይ ነው።»

ቁልፎቹን የቆለፍኩላት እኔ ነኝ፤ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ካሜራው ከነቦርሳው እናቴ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ማቆሚያውን ሦስት እግር አባዬ ተሸከመ። «ይሄ ሦስት እግር አለው፤ አራተኛው አንቺ ነሽ» አለኝና እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። በሩን ስንዘጋ «ውሃስ?» አለች እናቴ።

«ወደ ውሃ እየሄድን ውሃ እንሸከም? ሰው ምን ይለናል!»

ሦስታችንም ሳቅን። ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል፤ ግን ጉሮሮዬ ይደርቃል።

አውቶቡሱ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ አወረደን። ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ በመዶሻ ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ ቅንድባቸው ሁሉ አቧራ ለብሷል።

«አባባ፣ ፏፏቴው ሩቅ ነው?» አለቻቸው እናቴ።

«ምን ሩቅ አለው! ያቺን ጉብታ ዞር ስትሉ ነው። ይልቅ ውሃ ጠጡ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» ብለው እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለበትን ጀሪካን ገፋ አደረጉልን።

«እግዜር ይስጥልን፣ እዚያው እንጠጣለን» አለ አባዬ በኩራት።

ጉብታዋን ዞርን። ከኋላዋ ሌላ ጉብታ አለ። እሱንም ዞርን። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ሣሩ ከእኔ ይረዝማል፤ ነፋስ ሲመጣ መንገዱ ይጠፋና ነፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይገኛል። ፀሐይዋ ራሴ ላይ የተቀመጠች ያህል ትከብደኛለች። እናቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ኮቷን ግን አላወልቅም አለች። የሆነ ቦታ ላይ ኮቷን እሾህ ያዘባት፤ ከኋላዬ ስትጨቃጨቅ ሰማኋት፤ ዞር አላልኩም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

«ንገሪኝ» ይላል አባዬ።

«ሣር። ድንጋይ። ሣር።»

«ሌላስ?»

ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ሣሩን ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሣር ደግሞ ከረሜላ አያስገኝም። ያን ጊዜ ከዛፎቹ መሀል ነጭ ነገር ውልብ አለብኝ። «ፈረስ!» አልኩ። «ነጭ ፈረስ ቆሟል።»

«ነጭ ፈረስ! ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደኛ።»

አባዬ ቆመና ለፈረሱ ባርኔጣውን አነሳለት። ከረሜላዬን ተቀበልኩ። እናቴን ቀና ብዬ ሳያት ወደ ዛፎቹ እያየች ነበር። ፈረሱ ይኑር አይኑር ለብዙ ዓመት አላወቅሁም፤ ሳልመው ግን ሁልጊዜ አለ።

ፏፏቴውን መጀመሪያ ያገኘው አባዬ ነው፤ በጆሮው። እጁን አንስቶ አስቆመን። እኔ የሰማሁት እንደ ሩቅ ገበያ ጫጫታ ያለ ነገር ነው። የእሱ ፊት ግን በራ፤ እርምጃው ተለወጠ፤ ከእኔ ቀድሞ ሊሄድ ሁሉ ምንም አልቀረው። አንድ ቋጥኝ ስንዞር አየሩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ታየ። ሸራው ላይ እንዳለው አይደለም። ውሃው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይሰበራል፣ ይበተናል፣ ግማሹ መሬት ሳይደርስ ጭስ ሆኖ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ሥሩ የት እንዳለ አይታወቅም። አባዬ አፉን ከፍቶ ቆመ። እንደኛው ፏፏቴውን የሚያይ ነበር የመሰለኝ።

እናቴ ቦርሳውን ከፍታ ደረቷን መታች። «ሞት ይርሳኝ!»

«ምነው?»

«ፊልሞቹ። ዳቦው አልገባ ቢለኝ ጊዜ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው።»

«ዳቦውስ የታለ?»

እናቴ አሰበች። «ለሚጣ ልቆርስላት አውጥቼው… አውቶቡሱ ላይ።»

የፎቶ አንሺ ቤተሰብ፣ ያለ ፊልም፣ ያለ ዳቦ፣ ያለ ውሃ! አባዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እስኪበቃው ሳቀ፤ ኋላ ዓይኑን በመሐረብ ሲጠርግ ቆየ። ከሳቁ ብዛት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ካሜራውን በጣቱ ዳሰሰና፣ ለተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ተነስቶበት ካሜራው ውስጥ ከነበረው ጥቅል ፊልም አንዲት ምስል ብቻ እንደቀረች አወቀ።

«አንድ ይበቃል» አለ። «ቃሌም አንድ ነው።»

ያ ካሜራ ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። «አንዱ ያያል፣ አንዱ ያስታውሳል» ይል ነበር አባዬ። አናቱ ላይ ያለው ክዳን ሲከፈት ወደ ታች የሚያዩበት ትንሽ መስታወት አለ። እናቴ ጫማዋን አደረገችና ውሃው ጠርዝ ድረስ ሄዳ ቆመች። ሦስት እግሩ ተተከለ። አባዬ መስታወቱ ላይ አጎነበሰ፤ ቀኝ ዓይኑን አስጠጋ፤ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ አሽከረከረ። ረጅም ጊዜ እንዲያ ሆኖ ቆየ። ሲነሳ የፊቱ ቀለም ተለውጦ ነበር።

«ሚጣ፣ ነይ» አለኝ፤ ከውሃው ጩኸት የተነሳ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ። «ዛሬ የምታነሺው አንቺ ነሽ። ማዞሪያውን ቀስ እያልሽ አዙሪ፤ ጥርት ሲል ንገሪኝ።»

ድንጋይ ላይ አወጣኝ። ወደ መስታወቱ ሳይ ፏፏቴው ሁሉ የእጄን መዳፍ በምታህል ነገር ውስጥ ገብቷል። ድምፅ የለውም። ግራው ቀኝ ሆኗል። እናቴ አውራ ጣቴን አክላ መሀሉ ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ ይወዛወዛል። ሁሉ ነገር ይርገበገባል፣ ይፈሳል፣ መጥራት የሚባል ነገር የለውም። አዞርኩ፤ ሊጠራ መጣ፤ አለፈኝ፤ መለስኩት፤ ደግሞ አለፈኝ።

«ውሃውን አትይ፣ ውሃ አይቆምልሽም» አለኝ። «እናትሽን እይ። የኮቷን ቁልፎች ቁጠሪ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ከቻልሽ ጠርቷል ማለት ነው። ስንት ነው?»

ፎቶ ቤት ውስጥም ይሄው ነበር ዘዴው፤ የደንበኛውን ቁልፍ ይቆጥራል። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አፌ አልገባም። ውሃው እዚያው፣ አሥር እርምጃ ላይ፣ ይጮሃል፤ ብናኙ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። ኮቷ መስታወቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ጥላ ነው፤ አንድም ቁልፍ አይታየኝም። ግን ጠዋት የቆለፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ማንን ለማታለል ነው መቁጠር?

«አምስት!» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አምስት፣ አባዬ፣ አምስት! ጠርቷል!»

ጣቴን ይዞ መጫኛዋ ላይ አደረገልኝ። «ቀጥ በይ እመቤት!» ብሎ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። ጠቅ። እኔ ድንጋዩን ዘልዬ ወርጄ ፊቴን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። እንደዚያ ያለ ውሃ ከዚያ ወዲያ ጠጥቼ አላውቅም።

ስንመለስ እነሱ ከኋላዬ ተያይዘው ሲመጡ ነበር። አባዬ የሆነ ነገር በሹክሹክታ አላት፤ እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። ድንጋይ ፈላጩ አባባ ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ደረስን። አባዬን አንዴ ብቻ አዩት።

«እጁን ያዢው እንጂ ልጄ» አሏት እናቴን።

«ይዤዋለሁ አባባ» አለች።

ተናደድኩ። አባቴ ሕፃን ነው እንዴ? እኒያ ሽማግሌ በአንድ እይታ ያወቁትን፣ አባቴ ያን ቀን ዓይኑ እየጠፋ እንደነበር፣ እኔ ለማወቅ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

በማግስቱ ቀዩ ብርሃን ሥር ቆሜ ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲዋኝ አየሁ። ምስሉ ቀስ እያለ መጣ፤ መጣ፤ አልጠራም። ፏፏቴው ጭስ፣ ድንጋዩ ጭስ፣ እናቴ መሀል ላይ አንዲት የቆመች ጥላ። መጋረጃውን ገልጬ ሮጬ ሸራው ኋላ ተደበቅሁ፤ ቁጣውን ጠበቅሁ። ቁጣ አልመጣም። ከዚያ የባሰ መጣ እንጂ፦ በሦስተኛው ቀን የሙሽሮቹ ፎቶ ከመስኮቱ ወርዶ የኔ ጉድ በር አክሎ ተሰቀለ።

«ኧረ ቀጥ በል፣ ምን ነካህ?» አለው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ። «ይሄ እኮ ደንበኛ ያባርርብሃል። ጭስ ነው።»

«አዎ» አለ አባዬ። «እሱ ነው።»

እኔ ሐኪሙን ጠበቅሁ። መጥቶ ያየዋል፣ «ያዘዝኩት ይሄን ነው?» ብሎ ይጮሃል፣ አባቴን ያዋርደዋል። ክረምት ገባ። ሐኪሙ አልመጣም። አባቴ ግን ፎቶ ማንሳት ተወ። እናቴ ከመብራቶቹ መሀል ቆማ «ቀጥ በል» ማለት ጀመረች፤ እሱ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደንበኞችን በድምፃቸው መለየት ያዘ። ሙያውን ያስተወው የኔ ፎቶ ነው ብዬ አመንኩ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?

አድጌ እውነቱን ሳውቅ ደግሞ ሸክሙ ተለወጠ እንጂ አልቀለለም። ሰውዬው በዓይኑ የመጨረሻ ብርሃን አንድ ፎቶ ፈለገ፤ ለእኔ አደራ ሰጠኝ፤ እኔ ለአንድ ጉንጭ ውሃ ዋሸሁት። መደብዘዙም አይታየውም፤ ስለዚህ እንደ ጥሩ ነገር መስኮት ላይ ሰቀለው፤ ሰው ግን ይስቅበት ነበር። ከዚህ ሐሳብ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩ።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ፎቶ ቤቱን ልናስረክብ ስለነበር ዕቃ ለማውጣት ከእናቴ ጋር ገባን። ፎቶውን ከመስኮቱ ሳወርድ ክፈፉ ከበደኝ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ውሃ ጥሙን፣ አምስቱን፣ ሐኪሙን።

እናቴ አየችኝ፤ አየችኝና ሳቀች። «ይሄን ነው እስከ ዛሬ የተሸከምሽው? እሱ እኮ ያወቀው ያኔውኑ ነው።»

«ማን ነገረው?»

«እኔ ነኛ! ስንመለስ ‹አምስት ቁልፍ ቆጠረችልኝ› ብሎ ሲኮራ፣ ‹አራት ነው እኮ› አልኩት። አንዱን እሾህ በጥሶት ኪሴ ውስጥ ነበር። ደነገጥኩ፣ ያዝናል ብዬ። እሱ ግን ‹ፈረሱም እኮ አልነበረም› አለኝ።»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

«ከታጠበ በኋላ ደግሞ ‹እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ይመስላል?› አለኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። ድንጋዩም ውሃውም ጭስ ነው፣ እኔም እዚያ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ፊቴ ግን አይለይም አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አስጠጋው። ‹እኔ እኮ አንቺን የማይሽ እንዲህ ነው› አለኝ። ‹ዓመት ሙሉ ልነግርሽ ስፈልግ ቃል አጣሁለት። ልጅቷ በአንድ ጠቅታ አስረዳችልኝ። ትልቅ አድርገሽ አውጪው፤ ብቻዬን አልየው።›»

እናቴ ክፈፉን ከእጄ ወሰደች፤ በሹራቧ እጅጌ አቧራውን ጠረገችው። ከዚያ ያረጀው ሸራ ፊት ሄዳ፣ ያ መሬት ሲደርስ የሚያልቀው ውሃ ፊት፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«በይ ስልክሽን አውጪ። ነገ ቤቱ የሰው ነው።»

«እማዬ፣ እኔ አልችልበትም።»

«አንሺኝ አልኩሽ እኮ!»

አወጣሁ። «ቀጥ በይ እመቤት» አልኳት፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ቀጥ አለች፤ አገጯን ቀና አደረገች።

«ቁልፎቼን ቁጠሪ» አለችኝ። «ስንት ነው?»

ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። እናቴም ሸራውም ውሃውም አንድ ላይ ይፈሱ ነበር፤ አንድም ቁልፍ አልታየኝም።

«አምስት» አልኳት።